ድርሳነ ጫካ፦ ልጆችን ይዞ በተረት ስለ መሄድና ስለማይታየው ጅብ የቀረበ ሐተታ

የሰው ልጅ ስለ ደን ብዙ ጽፏል፤ ስለ ተረትም እንዲሁ። የደን ሊቃውንት የግንዱን ውፍረት ለክተው፣ የዛፉን ዕድሜ ገምተው፣ በሄክታር ስንት እግር እንደሚቆም አስልተው መደርደሪያ ሞልተዋል። የተረት ሊቃውንትም ከአያቶች አፍ የለቀሙትን በየዓይነቱ ከፍለው፣ የዚህን መንደር ተረት ከዚያኛው አስተያይተው፣ «ይህ ከዚያ የመጣ ነው»፣ «የለም፣ ያ ነው ከዚህ የሄደው» እየተባባሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። በሁለቱ ጉባኤ መካከል ግን አንድ ፍጡር ቆሟል። ዕድሜው አምስት ዓመት ነው። አንድ እጁን እናቱ ይዛዋለች፤ በሌላው እጁ ከቁመቱ የሚረዝም ጭራሮ ይጎትታል፤ ጥቂት በተራመደ ቁጥር «ጅቡ የታለ?» ይላል። እርሱን ማን መረመረው? ማንም። እነሆ ይህ ጸሐፊ ማንም ሳይሾመውና ማንም ሳይለምነው የሊቃውንቱን ዝንጋዔ ሊያርም ተነሥቷል።

አስቀድሞ ነገሩን መበየን ይገባል። የተረት ጉዞ የምንለው ቤተሰብ ከነልጆቹ ደን ገብቶ፣ በእግሩ እየሄደ፣ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ከሚያውቀው ተረት ጋር እያገናዘበ የሚውልበትን ሥርዓት ነው። ለዚህ ሥርዓት አራት ሹማምንት ያስፈልጋሉ፦ ተረት ነጋሪ፣ ጠያቂ፣ ምሳ ተሸካሚና «መቼ ነው የምንደርሰው?» ባይ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ሽርሽር ነው፤ ሽርሽር ደግሞ የዚህ ድርሳን ጉዳይ አይደለም። ነጋሪነቱንና ተሸካሚነቱን አንድ ሰው ደርቦ ሊይዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እናት ትይዘዋለች። አራተኛውን ሹመት ግን ማንም ለማንም አይሰጥም። ባለቤቱ ራሱ ከመኪና ሳይወርድ ይሾምበታል።

የድርሳኑ ቃል አንድ ነው። የተረት ጉዞ የሚቆመው በሚታየው ጅብ ላይ ሳይሆን በማይታየው ጅብ ላይ ነው። ይህን የሚቃወም ካለ እስከ ፍጻሜው ይታገሥ፤ በመጨረሻ መልስ እንሰጠዋለን።

በእንተ ተኩላ ዘባሕር ማዶ

በዚህ ጥበብ ቀዳሚዎች እኛ ነን የሚሉት አውሮፓውያን ናቸው፤ ድካማቸውን አንክድባቸውም። ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም የተባሉት ወንድማማቾች የተረት መድበላቸውን የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1812 አሳተሙ። ጀርመኖች ይህን ሀብት ይዘው እ.ኤ.አ. በ1975 ከሃናው ተነሥቶ ብሬመን የሚደርስ የተረት መንገድ ሰየሙ፤ ርዝመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስድስት መቶ! በመኪና እንዲኬድ የታሰበ መሆኑን ብናውቅም ትችታችንን አናነሣም። ስንዝሮ በዚያ መንገድ ቢወጣ ብሬመን ሳይደርስ ይሸብታል።

ልጅ ማለት ምን እንደ ሆነ ያወቁት የኔዘርላንድ ሰዎች ናቸው። ካትስሁቭል በተባለች ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1952 ኤፍቴሊንግ የሚሉትን መናፈሻ ከፈቱ፤ የዚያ ልብ የተረት ደኑ ነው። ሠዓሊው አንቶን ፒክ ቤቶቹንና ገጸ ባሕርያቱን ነደፈ፤ ፒተር ሬይንደርስ ደግሞ እንዲንቀሳቀሱና እንዲናገሩ የሚያደርገውን መላ ፈጠረ። አንገቱን ወደ ላይ እየመዘዘ እንግዳውን ቁልቁል የሚያይ ረጅም ሰው አለ። ይህን ጸሐፊ እጅ ያስነሣው ግን ሆሌ ቦሌ ኼይስ የተባለው ሆዳም ነው። አፉን ከፍቶ «ወረቀት ወዲህ» እያለ ይለምናል፤ ልጆች የከረሜላቸውን መጠቅለያ ሲያጎርሱት ያመሰግናል። የቆሻሻ መጣያ ነው! ሆዳምነትን ለንጽሕና ያሰለፈ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባል። የእኛ ጅብ ያንኑ ሥራ ያለ ደመወዝና ያለ ምስጋና ለዘመናት እየሠራ መኖሩ በቦታው ይነገራል።

ከአድናቆታችን ቀጥሎ ግን ፍርዳችን ይመጣል። በዚያ ደን ያለው ተኩላ ሰው ሠራሽ ነው። ለምን ቢሉ፣ እውነተኛው አልነበረማ! ደቾችም ጀርመኖችም ተኩላቸውን ገና ድሮ አጥፍተው ጨርሰው ነበር። እኛ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን፤ እነርሱ ዘንድ ተኩላ ከሄደ ሐውልት ቆመ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን ምሥራቃዊ ዳርቻ የተኩላ ግልገሎች ተወለዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኔዘርላንድ። እንግዲህ ዋናው ባለቤት ምስሉ ወደ ቆመበት ሀገር በእግሩ ተመልሶ መጣ። ሁለቱ ቢገናኙ ማን ማንን ያምናል? ይህን ጥያቄ ለኔዘርላንድ ሊቃውንት ትተን ወደ ሀገራችን እንመለሳለን። እዚህ ሐውልት አላስፈለገም፤ ባለቤቱ ከቤቱ አልወጣምና።

በእንተ ሥፍራ

«የትኛው ደን?» ቢሉ፣ መናገሻ ሱባ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ነው፤ ራሱ ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ትውፊቱ እንደሚለው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የተራቆተውን ተራራ አይተው ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት። በአፍሪካ ከቀደሙት ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው የሚባለውም በዚህ ነው። ስለዚህ ንጉሡ ልጆች ተረት የሚሰሙበትን አዳራሽ ዓምድ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድመው አቆሙ ብንል አልተሳሳትንም። ንጉሡ ይህን አላሰቡም የሚል ካለ፣ አለማሰባቸውን ያስረዳ።

«እንጦጦስ?» ይላል ነገር የሚወድ። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ፓርክ ሆኗል፤ መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ቡናም ይገኛል። ይህ ጸሐፊ ቡና አይጠላም። ዳሩ ግን የእንጦጦ ዛፍ በብዛት ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ እንግዳ ነው፤ ገና ተረት አላበቀለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ባሕር ዛፍ ቁርበት ሳይጠይቅ ኮረብታውን ሁሉ ወረሰ። ያለ እርሱ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ትሰደድ እንደ ነበር እናውቃለን፤ በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶችም ያላየ የለም። ያ የኑሮ ታሪክ ነው፤ ከባድና እውነተኛ። አያ ጅቦ ግን ከባሕር ዛፍ ሥር ወጥቶ አያውቅም፤ በተረቱ የሚወጣው ከጥድና ከወይራ ጥላ ነው።

በመናገሻ ሱባ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶ ይመጣል፤ ከዚያም አስታ። የዛፎቹን ጠባይ መዘርዘር የደን ሊቃውንት ሥራ ነውና እንለፈው፤ ኮሶን ግን አንዘለውም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ወደው በሆዳቸው ላሳደሩት ትል ማስወጫ የሴቴዋን ዛፍ አበባ እየወቀጡ ይጠጡ ነበር፤ ምሬቱም ዛሬ ድረስ ለመራራ ነገር ሁሉ መለኪያ ነው። ተረት ነጋሪ ድምፁ ቢሰለች፣ ጠያቂውም ቢያኮርፍ፣ ቤተሰቡን ከኮሶ ሥር ያቁምና ስለ ሆድ ትል ይናገር። ዘንዶ፣ የንጉሥ ልጅና ወርቃማ ወፍ ተደምረው የሆድ ትልን ያህል የልጅ ጆሮ አያቆሙም። ከላይ ደግሞ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ፣ አውራ ጣት በሌለው እጁ ቅርንጫፍ ይዞ፣ እንደ ሰነፍ ዳኛ ቅጠል እያኘከ ችሎቱን ያያል። የምኒልክ ድኩላም በቅጠሉ መሐል አንድ ጊዜ ይታይና ይጠፋል።

በእንተ ጅብ

እዚህ ላይ አንባቢ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ይቀመጥ።

አያ ጅቦ በተረታችን ሆዳም ነው፤ ተላላ ነው፤ ለሥጋ ሽታ ሲል ገደል ይገባል፤ ጦጣም ትሸውደዋለች። እስኪነክስ ያነክሳል የተባለለት ተንኮሉ እንኳ በተረቱ መጨረሻ ለራሱ ይተርፈዋል። ለልጅ ይህ ታላቅ መጽናኛ ነው። ሌሊት ከአጥር ውጭ ሲጮህ አንጀት የሚያርደው አውሬ እሳት ዳር ሲተረክ የመንደሩ መሳቂያ ይሆናል። አያቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የሥነ ልቦና ትምህርት አልተማሩም፤ ልጅ ማስተኛት ነበረባቸው እንጂ።

ሳይንስ ግን መጣና ነገር አበላሸ። ሃንስ ክሩክ የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ (ያው የሆሌ ቦሌ ኼይስ ሀገር ልጅ) በታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት ሌሊት እየተከተለ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፉን አወጣ። ጅቦቹ አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው ይበላሉ፤ አንበሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ እነርሱ ያደኑትን ይቀማል። የተረቱ ንጉሥ ቀማኛ፣ የተረቱ ሌባ ላብ አደር ሆነው ተገኙ። ይህም ብቻ አይደለም። ሴቷ ጅብ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውን የምትገዛው እርሷ ናት፤ ግልገሉም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። በሳይንስ ሚዛን «አያ ጅቦ» ተብሎ ሲነገር የኖረው ሁሉ «እሜቴ ጅቢት» ተብሎ ሊታረም ይገባ ነበር። ይህ ጸሐፊ እርማቱን ለመጠቆም ደፍሯል፤ ለአያቱ ለመንገር ግን አልደፈረም።

የሀገራችን ሊቃውንትም ዝም አላሉም። ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ዓይነ ምድር ለቅመው፣ በውስጡ ያገኙትን የእንስሳት ፀጉር መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ጅብ በዐቢይ ጾም ምን እንደሚበላ ይነግረናል። ክርስቲያኑ ሥጋ ሲተው የሚጣለው አጥንትና ልፋጭ ይቀንሳል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው የአህያ ድርሻ በጾሙ ወራት 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ሀገር ሲጾም አህያ መከራዋን ትበላለች ማለት ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለውን ነገር እነሆ በመቶኛ አገኘነው፤ ያውም ከነአጽዋማቱ። ነጋሪው ይህን ቁጥር በልቡ ይያዝ እንጂ ለታናናሾች አይንገር፤ ከሰበታ በኩል ሲመጡ በመንገድ ያዩት አህያ ሁሉ ስም ወጥቶለታልና ለቅሶ ይሆናል።

ተቃዋሚ እዚህ ላይ ሐረርን ያነሣል። ሐረሮች ጅባቸውን በዓይናቸው ያዩታል፤ በእጃቸውም ያጎርሱታል። ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ሲወጣ ሲገባ ኖሯል፤ በዓሹራም ገንፎ ይቀርብለትና ከአበላሉ የዓመቱን ዕጣ ያነቡበታል። ይህ የማይታየውን ጅብ ትምህርት ያፈርሰዋልን? አያፈርሰውም። ሐረር ከተማ ናት፤ የእኛ ነገር የጫካ ነው። ደግሞም ሐረሬ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ወጨጫ ግን ማንንም አልጠራም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንግባ። ቤተሰቡ በቀን ደን ሲገባ ጅቡ የለም አይባልም፤ አለ፣ ተኝቷል። የሥራ ሰዓቱ ሌሊት ነው። አለመታየቱ ግን ደኑን ሁሉ ይሞላዋል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የተወሰደ ልጅ አንበሳውን አየ፣ አንበሳውም አዛጋ፣ ልጁ «አይስክሬም» አለ፤ አለቀ። በመናገሻ ግን እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጅብ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የጅብ ትራስ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የጅብ ጓዳ ነው። አንድ ጅብ ቢታይ አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ያልታየ ግን በሁሉም ቦታ አለ። ኤፍቴሊንግ ይህን ለማግኘት ስንት ሞተር ቀጥሮ ያንቀሳቅሳል! እኛ እንቅልፍ በወደደ ጅብ በነጻ አገኘነው።

ማስረጃ ከተፈለገ አንድ ብቻ ይበቃል፤ እርሱም የጅብ ዓይነ ምድር ነው፤ በልጆች ቋንቋ «የጅብ ካካ»። አጥንት ስለሚፈጭ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። የአካባቢው ሰው በጣቱ አሳይቶ ጅብን በኦሮምኛ «ዋራቤሳ» ሲል መላው ቤተሰብ ያጎነብሳል፤ ታላቋ ልጅ አፍንጫዋን ትይዛለች፤ ታናሹ በጭራሮው ሊነካው ይሞክራል፤ አባት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ የነጋሪው ቃል ተረት መሆኑ ቀርቶ ዘገባ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ነጋሪው የጨመረው አንዳች የለም። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

በእንተ መቆም

ልጁ ቆመ። ስለምን ቆመ ቢሉ፦ አንድም ደክሞት ነው። አንድም ሽንቱ መጥቶ ነው። አንድም ጉንዳን አይቶ ነው፤ ጉንዳን ካየ ጉዞው በጉንዳኑ ርምጃ ይቆጠራል፤ ጉንዳኑ ጉድጓድ ካልገባ ቤተሰቡ ምሳ አያገኝም። አንድም እኅቱ ያማረ ላባ ስላገኘች እርሱም የተሻለ ላባ እስኪያገኝ ነው። አንድም መታዘል ፈልጎ ነው። አንድም ተረቱ ከሚያስፈራው ስፍራ ስለ ደረሰ፣ እግሩ ቢቆም ተረቱም የሚቆም መስሎት ነው።

የኋለኛው ይበልጣል። ምን ያስረዳል ቢሉ፣ ሲያዝሉት ዓይኑን በእናቱ ትከሻ ሸሽጎ «ቀጥዪ» ይላልና። የደከመ ልጅ ቀጥዪ አይልም፤ ይተኛል። የፈራ ልጅ ይላል፤ እየፈራ መስማት ይፈልጋልና። እዚህ ላይ የዘመኑ ወላጆች «ልጆቻችን ይጨነቃሉ» ብለው ተረቱን ያጥባሉ፤ ጅቡ ከፍየሏ ጋር እርጎ ይጠጣል፤ ማንም ማንንም አይበላም። ይህ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ተረት አድምጦ ሲያበቃ ለፍየሏ ሳይሆን ለጅቡ አዘነ።

ይሁን እንጂ አንድ ተረት በዚህ ድርሳን ተከልክሏል፤ ይህንም ያለ ቀልድ እንናገራለን። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ በአንጥረኞችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ የተወራው የቡዳ ነገር በልጅ ጆሮ አይግባ። ማረሻችንን የቀጠቀጡልን፣ ምጣዳችንን የሠሩልን ሰዎች በዚህ ወሬ ከማዕድ ተገልለዋል፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትም ነውር ተደርጓል። ጅቡ በቂ ሥራ አለው፤ የሰው ስም ማጥፋት አይጨመርበት።

በእንተ ሰዓተ ተረት

ከባድ ችግር ቀርቷል። ተረት የማታ ነው። ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ይላል፤ ላሞቹ በረት ገብተዋል ማለት ነው፣ ስለዚህም መሽቷል፤ እሳቱ ነድዷል፣ እራት ተበልቷል። በጠራራ ፀሐይ፣ ላሟ ገና መስክ ላይ ሳለች፣ ተረት መጀመር ከሥርዓት መውጣት አይሆንምን? ይህ ጸሐፊ ጉዳዩን በብርቱ ከመረመረ በኋላ፣ ጥቅጥቅ ባለ የዝግባ ጥላ ሥር እስከ ሆነ ድረስ ቀኑ እንደ ማታ ይቆጠር ብሎ በይኗል። ከጥላ ሲወጡ ተረቱ ይቋረጣል፤ ጥላ ሲገቡ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ብያኔ ያልታሰበ ጥቅም አለው፦ ልጆቹ ገላጣውን ስፍራ በሩጫ ያልፉታል።

በገላጣው ላይ ደግሞ እንቆቅልሽ ይፈቀዳል። እንቆቅልሽ ሰዓት የለውም፤ ዋስም የለውም። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ጥያቄው ይወርዳል፤ መላሽ ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገሩን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በዚህ ጨዋታ አባት እንዴት እንደሚከስር የፖለቲካ ሊቃውንት ሊያጠኑት ይገባ ነበር። በመጀመሪያው ዳገት ደብረ ማርቆስን ይሰጣል፤ ቸር ሆኖ ለመታየት ነው እንጂ መልሱን ያውቀዋል። በሁለተኛው ጎንደርና ደሴ ይሄዳሉ፤ አሁን መልሱን በእርግጥ አያውቅም። ጅማን ሲሰጥ ላብ ይጠርጋል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ከነሐይቆቻቸው አስረክቦ፣ የቀረችው አዲስ አበባ ብቻ ናት፤ እርሷንም እንዳይሰጥ ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? የስድስት ዓመቷ ልጅ በአንድ ቀን ማንም ንጉሥ ያልገዛውን ግዛት ጠቅልላ ጭቃ በነካው ጫማዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ግብር ትጠይቃለች። ግብሩም ብስኩት ነው።

በእንተ ምሳ

ምሳ ተሸካሚው ከሹማምንቱ ሁሉ የተናቀ ይመስላል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ሥልጣን ሁሉ ወደ ቅርጫቱ ይሸሻል።

ለዚህ ሰዓት የተገባው ተረት የሱሉልታው ነው። ሀብታሙ ጌታ፣ ሎሌው በብርዳሙ የሱሉልታ ተራራ ላይ ራቁቱን ሌሊቱን ቢቆም መሬትና ከብት ሊሰጠው ይወራረዳል። ሎሌው ከሩቅ ተራራ ላይ አንድ ሽማግሌ ያነደደለትን እሳት እያየ በዚያ ልቡን አጽንቶ ያድራል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃልና ሞቀህ» ብሎ ይከለክለዋል። ኋላ አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጡን ሽታ ብቻ እያስሸተተ ያስቀምጣቸዋል፤ እሳት ያየ ከሞቀው፣ ወጥ ያሸተተም ሊጠግብ ይገባዋልና። ይህን ተረት ቅርጫቱ ሳይከፈት የሚነግር ሰው ጨካኝ ነው። ተከፍቶ፣ ዶሮ ወጡ ሸቶ፣ እንጀራው ሳይታጠፍ የሚነግር ግን መምህር ነው። ልጆቹ ፍርዱን ከዳኛው ቀድመው ይፈርዱታል፤ ይርባቸዋልና።

ከምሳ በኋላ የችሎቱ ተረት ይከተላል። ድርቅ በገባ ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ። አንበሳ ከብት በላሁ ይላል፤ ይማራል። ነብር ፍየል፣ ጅብ የመንደር ዶሮ፤ ሁሉም ይማራሉ። አህያ ግን ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር ቀጨሁ ስትል መርገሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ይወርድና ትበላለች። ይህን ተረት ነጋሪው ሲጨርስ መሬቱን ይመልከት። ባዶ ሃይላንድ ወድቋል፤ የለስላሳ ቆርቆሮ ወድቋል፤ የማስቲካ ወረቀት ወድቋል። ማን ጣለ? አባት «እኔ አሁን ላነሣው ነበር» ይላል፤ ይማራል። አጎት «ነፋስ ወሰደብኝ» ይላል፤ ይማራል። የማስቲካውን ወረቀት የጣለው ትንሹ ብቻ ይፈረድበታል፤ የሁሉንም ለቅሞ ወደ ከረጢት ይከታል። ልጁ ግን ሞኝ አይደለም። ተረቱን አሁን ሰምቶታል። «እኔ አህያ ነኝ እንዴ?» ብሎ በአንበሳው ፊት ይቆማል። ያኔ አንበሳው አጎንብሶ ሃይላንዱን ያነሣል። ሆሌ ቦሌ ኼይስ በሀገሩ ይኑርልን፤ እኛ ይህ ይበቃናል።

በእንተ ተቃውሞ

አሁን የገባነውን ቃል እንፈጽም። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ «ትምህርትህ ሁሉ በማይታየው ጅብ ላይ ከቆመ፣ ጅቡ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በቀን ቢታይስ?»

ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በዚያች ሰዓት ይህ ድርሳን ከነምዕራፎቹ ለጊዜው ይሻራል። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ አይሮጥም። ልጆቹን መሐል አድርጎ፣ አንድ ላይ ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ጅቡ እንዳዞረ፣ በመጣበት መንገድ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከፊት የሚቆመው ማን ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት ይለያያሉ፤ የወንድነት ወግ አባት ይላል፣ የጅቦቹ ሥርዓት እናት ይላል፣ ጊዜ ግን ለክርክር አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ጅቡም እነርሱን አይቶ ወደ ቁጥቋጦው ከተመለሰ፣ አባት ከዚያች ዕለት ጀምሮ ነገሩን ለጎረቤትና ለዘመድ የመተረክ ሙሉ መብት አለው። መብቱ ግን ገደብ አለበት። የጅቡ ቁመት በየቡናው እንዳይጨምር፣ ብዛቱም ከአንድ ወደ መንጋ እንዳይበዛ፣ ዘገባው የሚጸናው እናት ሰምታ ስትፈርምበት ብቻ ነው፤ ታላቋ ልጅም ጎንደርንና ጅማን የያዘች እንደ መሆኗ በምስክርነት ትቀመጥ ዘንድ ደንግገናል።